አሳንሰሩን የሚጠግነው ሰው አይመርምረው፦ ለድሬዳዋ የሕንፃ ባለቤቶች

ለአንድ ሚኒባስ ቦሎ የሚሰጠው የጠገነው ጋራዥ «ደኅና ነው» ስላለ አይደለም። መኪናው ከጋራዡ ወጥቶ፣ በጥገናው ሒሳብ ውስጥ እጁ በሌለበት የምርመራ ተቋም ፊት ይቀርባል፤ ፍሬኑ፣ መሪውና መብራቱ ታይቶ ነው የሚያልፈው። ባለንብረቱም ይህን እንደ ተራ ነገር ተቀብሎት ይኖራል። ከከዚራ እስከ ሳቢያን ባሉት ፎቆች ውስጥ ያለው አሳንሰር ግን ቀኑን ሙሉ ሕፃን፣ ሽማግሌና በሽተኛ ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል፤ ስለ ደኅንነቱ የሚጠየቀው ሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ ያው በየወሩ መጥቶ የሚያጸዳውና ዘይት የሚያጠጣው ቴክኒሽያን። ጥገናና ምርመራ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሊሠሯቸው፣ በሁለት የተለያዩ ውሎችም ሊታሰሩ ይገባል። ከዚህ በታች በየተራው የሚቀርበው እርምጃ ሁሉ ከዚህ አንድ አቋም የሚነሣ ነው።

ከሕጉ እንጀምር። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎችንና ከፍታቸው ከ12 ሜትር የሚበልጡትን በምድብ «ሐ» አስቀምጦ አፈጻጸሙን ለሕንፃ ሹም ሰጥቷል፤ አሳንሰር ያለው ሕንፃም በአብዛኛው በዚያ ምድብ ውስጥ የሚወድቅ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃዎ ወደ ሕንፃ ሹሙ ጽሕፈት ቤት ሄዶ በሥራ ላይ ያለው አዋጅ፣ ደንብና መመሪያ ስለ አሳንሰር የሚጠይቀውን ማስረጃ፣ ማሻሻያ ወይም ምትክ ካለውም እሱን ጨምሮ፣ በጽሑፍ መውሰድ ነው። በቃል የተነገረ መልስ በኋላ ማስረጃ አይሆንም። «ሹሙ ካልጠየቀኝ ምን አስጨነቀኝ» የሚል ባለቤት ግን ሌላውን ሕግ አላነበበም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ያደርገዋል። ቁጥር 2081 የማሽን ባለቤትን በተመሳሳይ መንገድ ይይዛል። ቁጥር 2086 ደግሞ «ጥፋት የለብኝም» ወይም «የጉዳቱ ምክንያት አልታወቀም» ብሎ የማምለጫውን በር ይዘጋዋል። በቸልተኝነት ሰው ከሞተ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 አለ፤ የተጎዳው የእርስዎ ሠራተኛ ከሆነም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይጨመርበታል።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ተቃውሞ ይነሣል፦ ጥፋት ባይኖርብኝም የምከፍል ከሆነ፣ ምርመራው ምን ይጠቅመኛል? መልሱ ሦስት ነው። አንደኛው ግልጽ ነው፤ አደጋው ራሱ እንዳይደርስ ያደርጋል። ሁለተኛው፣ ካሣው ያለ ጥፋትም የሚመጣ ቢሆን እንኳ የወንጀል ተጠያቂነት የሚቆመው በቸልተኝነት ላይ ነው፤ ቸልተኛ እንዳልነበሩ የሚያሳየው ደግሞ የእርስዎ መሐላ ሳይሆን ቀንና ፊርማ ያለበት የምርመራ ሰነድ ነው። ሦስተኛውን ብዙዎች አያስተውሉትም። ያው ቁጥር 2077 የከፈለው ባለቤት ለጉዳቱ ምክንያት በሆነው ሰው ላይ፣ ለምሳሌ በገንቢው ላይ፣ ተመልሶ እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። ገለልተኛ መርማሪ ከአደጋው በፊት የጻፈው ሪፖርት ከሌለ ጉድለቱ የገጣሚው ይሁን የጠጋኙ፣ ወይስ የጥበቃው፣ በምን ይለያል? ኢንሹራንስ አለኝ የሚሉም ውሉን አውጥተው ባለንብረቱ ንብረቱን ስለ መጠበቅ የገባውን ግዴታ ያንብቡ፤ ካሣ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚነበበው እሱ ገጽ ነው።

ቀጥሎ ፋይል ይክፈቱ። የአሳንሰሩን የአምራች ስም፣ የመለያ ቁጥር፣ የተገጠመበትን ዓመት፣ የመሸከም አቅሙን በኪሎና በሰው ቁጥር፣ ፍጥነቱን፣ የገመዶቹን ብዛትና ውፍረት ይመዝግቡ። የአምራቹ መመሪያ መጽሐፍ፣ የኤሌክትሪክ ሥዕሉና ሲረከቡት የተደረገው የሙከራ ሰነድ አብረው ይቀመጡ። ሕንፃውን ከሌላ ሰው ገዝተውት ሰነዱ ጠፍቶ ከሆነ የመለያ ቁጥሩን ይዘው ከአምራቹ ወኪል ቅጂ ይጠይቁ፤ ካልተገኘም መርማሪው የመጀመሪያውን ልኬት ራሱ ወስዶ መነሻ እንዲያደርገው በውሉ ላይ ያስጽፉ። የጥገናው ድርጅት ዶሴውን ይዞ የሚሄድበት ልማድ አለ። አይፍቀዱለት፤ አሳንሰሩ የእርስዎ ከሆነ ታሪኩም የእርስዎ ነው።

ከዚህ በኋላ ዋናው ጥያቄ ይመጣል፤ ማን ይመርምረው? ጠጋኙ የራሱን ሥራ ሲመረምር ሁለት ፈተና ይገጥመዋል፤ ያላየውን ወይም የዘለለውን እንዳይታወቅበት መሸፈን፣ አለዚያም ያልተበላሸውን ተበላሽቷል ብሎ ዕቃ መሸጥ። ሰውየው ታማኝ ቢሆን እንኳ በየወሩ የሚያየውን ጉድለት ዐይኑ ይለምደዋል። ስለዚህ መርማሪው ከጥገናው ድርጅት ጋር የሥራም ሆነ የንግድ ግንኙነት የሌለው፣ ዕቃ የማይሸጥና ጥገናውን እሱ እንደማይወስድ በውሉ ላይ የፈረመ ይሁን። የኢንስፔክሽን ተቋማት ብቃት የሚመዘነው አይኤስኦ 17020 በተባለው ደረጃ ነው፤ በአገራችን የአክሬዲቴሽን ማረጋገጫ የሚሰጠው የኢትዮጵያ አክሬዲቴሽን አገልግሎት ነው። ሰርተፍኬቱን ሲያዩ ስሙን ብቻ አይመልከቱ፤ የተፈቀደለት የሥራ ወሰን አሳንሰርን ይጨምር እንደሆነ አባሪውን ገልጠው ያንብቡ። የመንግሥቱን የኢትዮጵያ የተስማሚነት ምዘና ድርጅትንም እንዲሁ በዚያው መመዘኛ ይጠይቁት። በአቅራቢያዎ እንዲህ ያለ ተቋም ካላገኙ፣ በአሳንሰር ላይ የሠራና ልምዱን በሰነድ የሚያሳይ የሌላ ድርጅት መሐንዲስ ከራሱ ከጠጋኙ ይሻላል፤ ግን ይህን እንደ ጊዜያዊ መፍትሔ ብቻ ይያዙት።

«መርማሪው ከአዲስ አበባ ከመጣ ወጪው አይቻልም» የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ መንገዱ በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚቆጠር ነው፣ አበሉና ማደሪያውም አለ። ሆኖም ወጪው የሚከብደው እያንዳንዱ ባለቤት ለብቻው ሲጠራ ነው። በአንድ መንገድ ላይ ያሉ አራት ወይም አምስት የሕንፃ ባለቤቶች በአንድ ሳምንት ቢቀጥሩት መጓጓዣውና ማደሪያው ይከፋፈላል፤ ድሬዳዋ ውስጥ ጎረቤት ነጋዴ ጎረቤቱን ስለሚያውቅ ይህን ማስተባበር የአንድ ከሰዓት ጫት ቤት ጨዋታ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የማያስፈልግ ቦርድ ወይም ሞተር «ይቀየር» ተብሎ የሚቀርብን ፕሮፎርማ አንድ ገለልተኛ ሰው ቢሽረው የምርመራው ዋጋ እዚያው ይመለሳል። በምርመራዎች መካከል ስለሚኖረው ጊዜ ከሌሎች መማር ይቻላል። ብሪታንያ በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ ሰው የሚያመላልስ አሳንሰር በየ6 ወሩ በጥልቀት እንዲመረመር ታዛለች፤ የኬንያ የ2007 እ.ኤ.አ. የሥራ ደኅንነት ሕግም ያንኑ 6 ወር ይዟል። ድሬዳዋ ከናይሮቢ የቀለለ የአየር ጠባይ የላትምና ከዚህ የላላ ቀጠሮ ለመያዝ ምክንያት አይኖርም።

እንዲያውም የከበደ ነው ያላት። በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራበት የአውሮፓ የአሳንሰር ደረጃ የማሽን ክፍሉ ሙቀት ከ5 እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሆናል ብሎ ታሳቢ ያደርጋል። በግንቦትና በሰኔ የድሬዳዋ ጥላ ራሱ 35 ዲግሪ ይሻገራል፤ በጣሪያ ላይ በቆርቆሮ ተከድኖ፣ ውስጡ ሞተርና መቆጣጠሪያ ሣጥን እየሞቀ፣ መስኮቱ ለአቧራ ተብሎ የተደፈነ ክፍል ከ40 እንደሚያልፍ ቴርሞሜትር ሳይሰቀልም መገመት ይቻላል። ግን ይሰቀል። ሙቀት የኤሌክትሮኒክስ ዕቃን ዕድሜ ያሳጥራል፤ የአሲድ ባትሪ ደግሞ ከሚስማማው ሙቀት በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግምት በግማሽ ይቀንሳል። መብራት ሲጠፋ ካቢኑን ወደ ቅርቡ ፎቅ አድርሶ በሩን የሚከፍተው መሣሪያ የሚሠራው በዚሁ ባትሪ ነው። ሻጩ «ባትሪው ይህን ያህል ዓመት ያገለግላል» ያለው ለድሬዳዋ አስቦ አይደለም። ስለዚህ ከሁለቱ ዓመታዊ ምርመራዎች አንዱን በግንቦት፣ ሙቀቱ በበረታበት ሰዓት፣ ከቀትር በኋላ ያድርጉት፤ ሌላውን ደግሞ ክረምቱ አልፎ በኅዳር። በጠዋት ብርድ ደኅና የሚመስል አሳንሰር ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሌላ ጠባይ ያሳያል።

የምርመራው ቀን ሲደርስ አሳንሰሩ ከአገልግሎት ውጪ እንደሚሆን ከሁለት ቀን በፊት በየፎቁ ያስለጥፉ፤ ክሊኒክ ወይም እንግዳ ማረፊያ ከሆነ ደግሞ የተከራዮቹን ፈቃድ አስቀድመው ይያዙ። በተከፈተ በር አጠገብ ሁሉ ሰው ወይም መከለያ ይኑር። የማሽን ክፍሉ ቁልፍ ዝግጁ ይሁን፤ ለቁልፍ ፍለጋ የሚባክነው ሰዓት ከምርመራው ላይ ነው የሚቀነሰው። የጥገናው ቴክኒሽያን እንዲገኝ ይጋብዙት፤ መክፈትና መዝጋቱን እሱ ያግዛል፣ የሚለካውና የሚጽፈው ግን መርማሪው ብቻ ነው።

መርማሪው በሮቹን ከማሽኑ እኩል ጊዜ እንዲሰጣቸው ይንገሩት። ተሳፋሪው የሚፈራው ገመድ መበጠስን ነው፤ ይህ ግን እጅግ የራቀ አደጋ ነው። የአውሮፓው ደረጃ ቢያንስ ሁለት ገመድ ይጠይቃል፤ ሦስትና ከዚያ በላይ በሆኑ ጊዜም ገመዶቹ ከሚሸከሙት 12 እጥፍ ጥንካሬ እንዲኖራቸው ያዛል። ካቢን ገመዱ ሁሉ ተቆርጦ የወደቀበት ዝነኛ አጋጣሚ በ1945 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ የደረሰው ነው፤ እሱም የጦር አውሮፕላን ሕንፃውን ስለመታው። ሰው የሚሞተው ይልቅ ካቢኑ በሌለበት በር ተከፍቶ ወደ ጉድጓዱ ሲገባ፣ ወይም በሩ ክፍት ሆኖ ካቢኑ ሲንቀሳቀስ ነው። ድሬዳዋ ላይ ይህ አደጋ ከአሸዋው ጋር ይያያዛል። ከደቻቱ ወንዝ ዳር የሚነሣው አሸዋና የመንገዱ አቧራ የበሩ ማንሸራተቻ ቦይ ውስጥ ይጠራቀማል፤ በሩ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሳይገጥም ይቀራል፤ የደኅንነት መቆለፊያው «አልተዘጋም» ብሎ አሳንሰሩን ያቆመዋል። ደንበኛው ይቆጣል፣ ባለቤቱ ይደውላል፣ ቴክኒሽያኑም የመቆለፊያውን ሁለት ጫፎች በቁራጭ ሽቦ አገናኝቶ «አስተካክዬዋለሁ» ብሎ ይሄዳል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ያ አሳንሰር በሩ ክፍት ሆኖም ሊሄድ ይችላል። ወርኃዊ ጥገና ይህን አይገልጠውም፤ ሽቦውን ያገናኘው ራሱ ጠጋኙ ነውና። መርማሪው የእያንዳንዱን ፎቅ መቆለፊያ አንድ በአንድ እየከፈተ አሳንሰሩ መቆሙን እንዲያረጋግጥ፣ መቆጣጠሪያ ሣጥኑ ውስጥ የተዘለለ መስመር አለመኖሩን ጽፎ እንዲፈርም ያድርጉ። ከዚህ ጽሑፍ አንዲት ነገር ብቻ የሚሠሩ ከሆነ እሷን ይሥሩ።

ሁለተኛው የሚያሳስበው ፍሬኑ ነው። ብዙ ሰው ፍሬን ያልያዘው አሳንሰር ወደ ታች ይወርዳል ብሎ ያስባል። በተቃራኒው የተንጠለጠለው ማመዛዘኛ ክብደት የካቢኑን ክብደትና ከጭነቱ ግማሽ የሚጠጋውን ስለሚይዝ፣ ባዶ ወይም አንድ ሰው ብቻ የያዘ ካቢን ፍሬኑ ሲከዳው ወደ ላይ ነው የሚሸሸው። በሰኔ 2006 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ውስጥ የ16 ዓመት ተማሪ የሞተው በዚህ መንገድ ነበር፤ ከአሳንሰሩ ሲወጣ ካቢኑ በሩን እንደከፈተ ወደ ላይ ተነሣ። ጃፓን ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ የሚገጠሙ አሳንሰሮች በር ተከፍቶ ካቢን እንዳይንቀሳቀስ የሚያግድ ተጨማሪ መከላከያ እንዲኖራቸው አስገደደች። ያ አሳንሰር ጥገና ያልተደረገለት አልነበረም። የእርስዎን መርማሪ የፍሬኑን ሸራ ውፍረት በቁጥር እንዲጽፍ ይጠይቁት፤ «ጥሩ ነው» የሚል ቃል ለቀጣዩ ምርመራ ማነጻጸሪያ አይሆንም። አሳንሰሩ ሲገጠምና ከዚያ በኋላ በየተወሰኑ ዓመታት ፍሬኑ የአቅሙን 125 በመቶ በጫነ ካቢን ይፈተናል፤ ስምንት ሰው የሚይዝ 630 ኪሎ አሳንሰር ከሆነ ይህ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት 16 ያህል ሲሚንቶ ማለት ነው፤ ሲሚንቶ ደግሞ ይህቺን ከተማ አይቸግራትም። ሙከራውን ግን መርማሪው ካልመራው ማንም አይሞክረው።

ገመዱን በሚመለከት መርማሪው ውፍረቱን በካሊፐር ለክቶ፣ የተበጠሱ ሽቦዎችን ቆጥሮ፣ ዝገቱንም አይቶ ከአምራቹ ገደብ ጋር ያስተያየው። የፍጥነት ገዥው መሣሪያና ካቢኑን ከሐዲዱ ጋር ቆልፎ የሚይዘው መንጋጋ በሙከራ ይታዩ፤ አቧራ ውስጥ ዓመታት የቆመ መንጋጋ ሊጣበቅ ይችላል።

ከታች ያለው ጉድጓድ ግን ጊዜ ይገባዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደበትን ሌሊት ድሬዳዋ አትረሳም፤ የሚያንሰው ጎርፍ ደግሞ በየጊዜው ይመጣል። ውኃ መጀመሪያ የሚሞላው የሕንፃውን ዝቅተኛ ቦታ ነው፤ የአሳንሰር ጉድጓድ ከምድር ቤቱም በታች ነው። በዚያ ውስጥ መቀበያ ስፕሪንጎቹ፣ የፍጥነት ገዥውን ገመድ የሚወጥረው መዘውርና የመጨረሻ ማቆሚያ ማብሪያዎች አሉ። ከጎርፍ ሌላ የሕንፃው የመሬት ውስጥ ታንከር ቢያፈስ ውኃው ወደዚያው ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ውኃ የታየበት አሳንሰር መብራቱ ተቆርጦ ይቁም፤ ውኃው ተቀድቶ ማብሪያዎቹ ደርቀው ሳይለኩ አይነሣ። «ትናንት ደርቋል» በቂ አይደለም፤ ዝገቱ ውኃው ከደረቀም በኋላ ይቀራል። የኅዳሩ ምርመራ ጥቅም እዚህ ላይ ነው።

ምርመራው ሲያልቅ «አልፏል» የምትል አንዲት ወረቀት አይቀበሉ። ሪፖርቱ ጉድለቶቹን በሦስት ይክፈላቸው፤ አሳንሰሩን ዛሬውኑ የሚያስቆሙ፣ በተወሰነ ቀን ውስጥ የሚጠገኑ፣ እስከሚቀጥለው ምርመራ በክትትል የሚቆዩ። የተለካው ሁሉ በቁጥር ይጻፍ፣ ያልታየውም ክፍል «አልታየም» ተብሎ ይገለጽ። መርማሪው «ይቁም» ካለ ያቁሙት። ተከራዩ ያጉረመርማል፣ አራተኛ ፎቅ ያለው የጥርስ ሐኪም ኪራይ ይቀነስልኝ ይላል፤ ይበል። አደጋው እንደሚመጣ በጽሑፍ ተነግሮት አሳንሰሩን ያሠራ ባለቤት፣ ካልመረመረው ባለቤት የከፋ ቦታ ላይ ነው የሚቆመው፤ ሪፖርቱ ያኔ መስካሪነቱ በእሱ ላይ ይሆናል። ይህን ፈርተው ጨርሶ አለማስመርመርን የሚመርጡ አሉ። ከላይ የተጠቀሱት የፍትሐ ብሔር ድንጋጌዎች ግን አላወቅሁም ለሚልም ቦታ አልተዉም። ጥገናው ካለቀ በኋላ ያው መርማሪ፣ ቢያንስ «ይቁም» ያለበትን ነጥብ፣ ተመልሶ ይየው። ቀኑንና የሚቀጥለውን ምርመራ ጊዜ ካቢኑ ውስጥ ያስለጥፉ፤ ተሳፋሪው ይህን የማየት መብት አለው።

በሁለት ምርመራዎች መካከል ያለው ጊዜ የጥበቃውና የጽዳት ሠራተኛዋ ነው። በየጠዋቱ የበሩ ቦይ በብሩሽ ይጠረግ፤ ካቢኑ ከወለሉ እኩል ቆሟል ወይስ ያደናቅፋል፣ የአደጋ ደወሉ ይደወላል ወይ፣ መብራት ሲጠፋ የውስጥ መብራቱ ይበራል ወይ፣ እነዚህን ሦስት ነገሮች አይተው በመዝገብ ይጻፉ። የፎቅ በሩን ከውጭ የሚከፍተው ባለ ሦስት ማዕዘን ቁልፍ ጥበቃው ኪስ ውስጥ አይዙር። ሰው ተይዞ ሲጮህ በደግነት በሩን ከፍቶ፣ ካቢኑ በሁለት ፎቅ መካከል ሳለ ሰውየውን እየጎተተ ማውጣት ብዙ ቦታ ሰው ወደ ጉድጓዱ እንዲወድቅ ያደረገ ስሕተት ነው። የማውጣት ሥልጠና የወሰደ ሰው እስኪደርስ የተያዘውን ማነጋገርና ማረጋጋት ይበቃል፤ ካቢን አየር ያስገባል፣ ማንም ውስጡ አይታፈንም። ከሕንፃው ሠራተኞች ቢያንስ ሁለቱን የጥገና ድርጅቱ በጽሑፍ ፈርሞ ያሠልጥንልዎ፤ የከተማዋ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም የማሽን ክፍሉ የት እንዳለ አስቀድመው ይወቁ።

የጥገና ውልዎ ዛሬ ካቢኔት ውስጥ ካለ ያውጡትና «ምርመራ» የሚል አንቀጽ አለበት እንደሆነ ይመልከቱ። ካለበት ያስወጡት፤ ለሌላ ሰው ይስጡት።